በመረብ የተያዘው አባት

በዚህ ገጽ ስለ ቤተ ሰብ አስተዳደር፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ወላጆች ክብር በጻፍን ቍጥር ምሳሌ የምንፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከመጻሕፍትና ከአባቶች ተረት ነው። ዛሬ ግን ምሳሌያችንን ከድንጋይ ላይ ልናነሣ አስበናል። ድንጋዩም በኢጣልያ አገር፥ በናፖሊ ከተማ፥ የሳንሴቬሮ ቤተ ጸሎት በሚባለው ስፍራ የቆመ የእብነ በረድ ሐውልት ነው። ሐውልቱን ያሠራው ልጅ፥ መታሰቢያ የሆነለት አባትና የቀረጸው ጠቢብ ሁሉም ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነገሩ ግን ልጅ ላለው አባትና አባት ላለው ልጅ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት በኤውሮጳውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሐውልቱ መልክ እንዲህ ነው። አንድ የጐለመሰ ሰው የዓሣ አጥማጆች መረብ በሚመስል ወፍራም መረብ ተጠላልፎ ቆሟል። መረቡንም በእጁ ጨብጦ ከላዩ ላይ ለማውለቅ ይታገላል። ባጠገቡ ክንፍ ያለው፥ በራሱም ላይ ትንሽ ነበልባል የሚታይበት አንድ ወጣት ቆሞ ሰውየው ከመረቡ እንዲወጣ ይረዳዋል፤ በእግራቸው ሥር ወዳለው፥ የምድርን መልክ ወደ ያዘው ድቡልቡል ሉልም ያመለክተዋል። በሉሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ተደግፎ ይታያል፤ እርሱም መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከዚህ ሁሉ በታች፥ በመቆሚያው ፊት ላይ፥ ጌታችን የዕውሩን ዓይን ሲያበራ የሚያሳይ ሥዕል በድንጋዩ ላይ ተቀርጾበታል። ሐውልቱ በኢጣልያንኛ «ኢል ዲሲንጋኖ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ከመታለል ነጻ መውጣት» እንደ ማለት ነው።

የዚህን ዓይነቱን ሥራ ለመተርጐም የአገራችን ሰው አይቸገርም፤ ቅኔ ያደገበት ሕዝብ ሰምና ወርቅ መለየትን ከልጅነቱ ይማራልና። ሰሙ መረብ ነው፤ ወርቁ ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ ገብቶ በኋላ መውጫ የሚያጣበት የሥጋ ምኞት ነው። ሰሙ ክንፍ ያለው ወጣት ነው፤ ወርቁ ልቡናና ማስተዋል ነው። ሉሉ የዓለም ፍቅር፥ መጽሐፉ ከዚያ ፍቅር የሚያወጣ መሪ ነው። የዕውሩም ታሪክ የጠቅላላው ማሠሪያ ነው፤ ከመረብ ለመውጣት አስቀድሞ መረብ መኖሩን ማየት ያስፈልጋልና። ነገር ግን ይህ ሐውልት ስለ ሰው ልጅ በጠቅላላው የተነገረ ምሳሌ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ስለ አንድ አባቱ ያቆመው ነው። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ታሪክ ማወቅ ይገባል።

ሐውልቱን ያሠራው የሳንሴቬሮ ልዑል ራይሞንዶ ዲ ሳንግሮ ነበር። በጥር ወር 1710 ቶሬማጆሬ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቶሬማጆሬ መስፍን አንቶኒዮ ዲ ሳንግሮ፥ እናቱ ወይዘሮ ቼቺሊያ ጋኤታኒ ይባላሉ። እናቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ ሕፃኑ ገና ዓመት ሳይሞላው ዐረፉ። አባቱ ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ኀዘናቸውን በቤታቸው ተቀምጠው፥ ልጃቸውን አቅፈው አላሳለፉትም። በየአገሩ እየዞሩ ሥርዐት በሌለው ኑሮ፥ ለፈቃደ ሥጋቸው ተገዝተው ብዙ ዘመን ኖሩ። ሕፃኑን ያሳደጉት አያቱ ልዑል ፓኦሎ ናቸው። ልጁ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ሮማ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተላከ፤ በ1726 አያቱ በሞቱ ጊዜም በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ማዕርጉንና ርስቱን ወረሰ።

ይህ እናቱን በሞት፥ አባቱን በመራቅ ያጣ ልጅ አድጎ የተማረ፥ በሥራውም የታወቀ ሰው ሆነ። በ1744 በቬሌትሪ በተደረገው ጦርነት ወታደሮቹን እየመራ ተዋግቷል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ማተሚያ ቤት አቋቁሞ መጻሕፍት አሳትሟል። ከሁሉ ይልቅ ግን ስሙን ያስጠራው የዘመዶቹ መቃብር የነበረውን ያን ቤተ ጸሎት ማሳደሱ ነው። የዘመኑን ጠቢባን እየጠራ፥ ለእያንዳንዱ ዘመዱ የሚሆን፥ ምግባርን በሰው አምሳል የሚያሳይ የእብነ በረድ ሐውልት አስቀረጸ። አባትየው አንቶኒዮም በስተርጅናቸው ከዚያ ኑሮ ደክመው፥ ስላለፈው ተጸጽተው ወደ ናፖሊ ተመልሰው ነበር፤ ክህነትም ተቀብለው የቀረውን ዕድሜያቸውን በጸጥታ አሳለፉ። እንግዲህ ልጁ ለእናትና ለአባቱ ሐውልት ሊያቆም በተነሣ ጊዜ የነበረበትን ችግር አንባቢ ሊገምተው ይችላል። እናቱን ጨርሶ አላወቃትም፤ አባቱን ግን ከሚፈልገው በላይ ያውቀው ነበር።

ለእናቱ ያሠራላት ሐውልት «ጨዋነት» የሚል ስም አለው። የቀረጸውም አንቶኒዮ ኮራዲኒ የተባለ የቬኔሲያ አገር ጠቢብ ነው። በ1752 የተፈጸመው ይህ ሐውልት ከራሷ እስከ እግሯ በስስ መሸፈኛ የተጋረደች ሴት ያሳያል። መሸፈኛው ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንደ ነጠላ ከገላዋ ላይ ያረፈ ይመስላል። ባጠገቧ ያለው ጽላት የተሰበረ ነው፤ ይህም በወጣትነቷ ለተቀጨችው ሕይወት ምልክት ነው። እኛም ስናስበው፥ ፊቷን አይቶ ሊያስታውሰው ላልቻለ ልጅ ከዚህ መሸፈኛ የበለጠ እውነተኛ ሥዕል የሚገኝ አይመስለንም። እናቱ በመሠዊያው በአንድ ወገን በመሸፈኛ ተጋርዳ ቆማለች፤ በሌላው ወገን አባቱ በመረብ ተይዞ ቆሟል።

የአባቱን ሐውልት የቀረጸው ፍራንቼስኮ ኩዌይሮሎ ነው። ይህ ሰው በ1704 ጀኖቫ በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በዚያ ጀምሮ ወደ ሮማ ሄዶ ሠራ፤ በ1752 ኮራዲኒ በሞተ ጊዜም የእርሱን ቦታ ተክቶ በልዑሉ ቤተ ጸሎት ሥራውን ቀጠለ። «ከመታለል ነጻ መውጣት»ን የሠራው በ1753ና በ1754 ነው። የወደብ ከተማ ልጅ እንደ መሆኑ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲዘረጉና ሲጠግኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያይ አልቀረም። ያየውን ግን በድንጋይ መሥራት ሌላ ነገር ነው።

እብነ በረድ ከባድና ጠንካራ ይምሰል እንጂ ሲሳሳ እንደ ሸክላ የሚሰበር ነው። ቀራጩ አስቀድሞ የሐሳቡን አምሳያ በጭቃ ይሠራል፤ ከዚያም በመዶሻና በመሮ ድንጋዩን ከውጭ ወደ ውስጥ ይቀንሳል፤ ጠባቡን ቦታ በመሰርሰሪያ ይቦረቡራል፥ በሞረድም ያስተካክላል። ልብስ የሚቀርጽ ሰው እጥፋቱን ከገላው ጋር አያይዞ ሊተወው ይችላል። መረብ የሚቀርጽ ግን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ መሮውን አስገብቶ፥ ገመዱን ሳይነካ በስተኋላው ያለውን ድንጋይ ማውጣት አለበት። በኩዌይሮሎ ሥራ መረቡ በአንዳንድ ስፍራ ከሰውየው ገላ ተለይቶ በአየር ላይ የተዘረጋ ነው። ቋጠሮው እንደ እውነተኛ ቋጠሮ ነው፤ በየቀዳዳውም ውስጥ ገላው ይታያል። በዚህ ዓይነት ሥራ አንዲት የተሳሳተች ምት የብዙ ወራት ድካም ታጠፋለች፤ የተሰበረውም ገመድ እንደ ጥንቱ ሆኖ አይቀጠልም።

መሮው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ሐውልቱ እንዲለሰልስና እንዲያበራ ከእሳተ ገሞራ በሚወጣ ሸካራ ድንጋይ መታሸት ነበረበት። ይህ በልማድ የቀራጩ ሥራ አልነበረም፤ በዚያ ሙያ የተካኑ ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ሐውልት እንደሚነገረው ግን በሥራቸው የታወቁት ሠራተኞች እንኳ መረቡን ባዩ ጊዜ «በእጃችን ላይ ይፈርሳል» ብለው ፈርተው አንነካም አሉ። ኩዌይሮሎም ማለስለሱን ራሱ በገዛ እጁ ሊፈጽመው ግድ ሆነበት።

በዚያው ቤተ ጸሎት መካከል ስለሚገኘው ሌላ ሐውልት ደግሞ የሚወራ ወሬ አለ። ጁዜፔ ሳንማርቲኖ በ1753 የቀረጸው፥ በስስ ግንዝ ተሸፍኖ የተኛ የክርስቶስ ምስል ነው። ሕዝቡ ግንዙን አይቶ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ለማመን ስላቃተው፥ «ልዑሉ በምሥጢራዊ መድኃኒት እውነተኛውን ጨርቅ ወደ ድንጋይ ለወጠው» ይል ነበር። ነገር ግን ግንዙም ሥጋውም ከአንድ ድንጋይ በመሮ የወጡ ናቸው። ሰው ትዕግሥትና ድካም ከሚያምን ይልቅ አስማት ማመን ይቀልለዋል። በቤተ ሰብም ነገር እንዲሁ ነው፤ የተበላሸ ጠባይ በአንድ ቀን ስለትና በአንድ ሽማግሌ ተግሣጽ እንዲቃና እንመኛለን። የጠባይ መቃናት ግን እንደ መረቡ ቀዳዳ በቀዳዳ የሚሠራ ነው፤ ለመጨረሻውም ማለስለስ ባለቤቱ ራሱ እጁን ካላነሣ ሌላ ሰው ሊፈጽምለት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አንባቢዎቻችን እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ «የአባትን ገመና በአደባባይ ማቆም ምን ዓይነት ክብር ነው? የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑና ተመረቁ፤ ገልጠው አላሳዩም።» ይህ በእውነት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ በቸልታ ልናልፈው አንወድም።

በልዑሉ ፊት ሦስት መንገዶች ነበሩ። የመጀመሪያው መንገድ በመሳፍንት ቤት የተለመደው ነው፤ አባቱን ጋሻና ጐራዴ አስይዞ፥ ያልሠራውን ጀግንነትና ያልነበረውን ደግነት በወርቅ ፊደል አስጽፎ ማቆም ይችል ነበር። ገንዘቡም ጠቢቡም ነበረው፤ የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ናፖሊ የመስፍኑን ታሪክ ያውቅ ነበር፤ በሐሰት የተመሰገነ ሰው ደግሞ በሕዝብ ፊት ሁለት ጊዜ ይዋረዳል፥ አንድ ጊዜ በሥራው፥ ሁለተኛ ጊዜ በውዳሴው። ሁለተኛው መንገድ ዝምታ ነው፤ ለእናቱ ብቻ ሐውልት አቁሞ የአባቱን ቦታ ባዶ መተው ይችል ነበር። ይህን ቢያደርግ ማን ይፈርድበት ነበር? ጡት ሳይጥል እናቱ የሞተችበት፥ አባቱም ለአያት ትቶት የሄደ ልጅ ነው። ካሳ ጠያቂ ቢኖር እርሱ ነበር።

እርሱ ግን ሦስተኛውን መንገድ መረጠ። ሐውልቱን ደኅና አድርጎ የተመለከተ ሰው መስፍኑ ምን እንዳደረገ፥ በየት አገርና ከማን ጋር እንዳደረገ ከምስሉ አያገኝም። በድንጋዩ ላይ የወይን ጠጅ ጽዋ የለም፤ የቁማር ገበታ የለም፤ ሌላ ነውርም አልተቀረጸም። የሚታየው መረብና ከመረብ የመውጣት ትግል ብቻ ነው። እንግዲህ ልጁ የበደሉን ዝርዝር እንደ ሴምና እንደ ያፌት ሸፍኖታል፤ በደል መኖሩን ግን አልካደም። ለሕዝብ ያሳየው የአባቱን መያዝ ሳይሆን የአባቱን መፈታት ነው። እኛም እንደሚመስለን በመሸፈንና በመዋሸት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የሸፈነ ሰው ነውሩን ከጠላት ዓይን ይሰውራል፤ የዋሸ ሰው ግን ንስሓውንም ጨምሮ ይሰውረዋል። ያልበደለ ነው የተባለ አባት ተጸጸተ ሊባል አይችልምና፥ ልጁ በሐሰት ሲያከብረው በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን አንዱን ይወስድበታል።

ደግሞ ኩዌይሮሎ መረቡን ጨርሶ ወልቆ በመሬት ላይ የወደቀ አድርጎ ሊቀርጸው ይችል ነበር። አላደረገም። ሰውየው ገና በመረቡ ውስጥ ነው፤ ከፊሉ ተነሥቷል፥ ከፊሉም በገላው ላይ ነው። ይህም ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነው። ብዙ ዓመት የያዘ ልማድ በአንድ ጊዜ ወልቆ አይወድቅም። በስተርጅናው የተመለሰ አባት ዛሬ ቍጣውን ቢተው ነገ ያገረሽበት ይሆናል፤ መጠጡን ቢተው የወዳጆቹ ጥሪ ይፈትነዋል። ልጆቹ «እንግዲህ ንስሓው ሐሰት ነበረ» ብለው ቢፈርዱበት ሊረዱት የሚገባቸውን ሰዓት ያሳልፉታል። ባጠገቡ ያለው ወጣት እጁን አጣጥፎ የሚመለከት አይደለም፤ መረቡን ራሱ ይዟል። ጠቢቡ ይህን ወጣት ልቡናን እንዲመስል አድርጎ ቀርጾታል። ነገር ግን በዕድሜ የገፋውን ሰው ከመረብ ሲያወጣ የሚታየው ወጣት መሆኑን አይተን፥ በብዙ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው ልጅ መሆኑን ብናስብ ከምሳሌው የራቅን አይመስለንም።

ለአባቶችም የሚሆን ቃል በዚህ ሐውልት አለ። አንዳንድ የቤት ጌታ በሥራ ቦታው የጸሐፊውን ስሕተት ከፊደል እስከ ነጥብ ሲያርም ይውልና ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እርሱ ፈጽሞ የማይሳሳት ሆኖ ይቀመጣል። ልጆቹ የማያዩ ይመስለዋል። ልጅ ግን የአባቱን መረብ ከጎረቤትም ከወዳጅም አስቀድሞ ያየዋል፤ የማይናገረው ስለሚያከብር ወይም ስለሚፈራ ነው። «ልጄ፥ በዚህ ነገር በድያለሁ» ያለ አባት ከማዕርጉ አንድ ደረጃ አይወርድም። እንዲያውም ልጁ በተራው በመረብ በተያዘ ቀን ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። መቼም የማይበድል አባት ያለው ልጅ ግን በበደለ ቀን የሚሸሸው ከአባቱ ነው።

የልዑል ፓኦሎንም ድርሻ ልንዘነጋው አይገባም። የልጃቸው ቤት ሲፈርስ የልጅ ልጃቸውን የሰበሰቡት፥ ያሳደጉትና ለትምህርት የላኩት እኒህ አያት ናቸው። አያት ያሳደገው ልጅ በአባቱ ላይ ጥላቻ ይዞ ማደጉ ወይም አለማደጉ ብዙውን ጊዜ በአያት አፍ የሚወሰን ነገር ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር ስለ ጠፋው አባት የሚነገረው ቃል በሕፃን ልብ ውስጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ የጠፋ ልጅ ያላቸው አረጋውያን በልጅ ልጆቻቸው ፊት ቃላቸውን እንዲመዝኑ እንለምናቸዋለን፤ የሄደው አንድ ቀን ሊመለስ ይችላልና፥ በተመለሰ ጊዜ የሚቀበለው ልጅ ይፈልጋል።

ኩዌይሮሎ በዚሁ ቤተ ጸሎት ሌሎች ሐውልቶችም ቀርጿል። ከእነርሱ አንዱ «ትምህርት» ይባላል፤ አንዲት ሴት ልጅን ስታስተምር ያሳያል። ሌላው «ቅንነት» ይባላል፤ አንዲት ሴት በእጇ ልብ ይዛ ቆማለች። ይህ ጠቢብ በ1762 በናፖሊ ዐረፈ፤ ያሠራውም ልዑል በ1771 ተከተለው። ቤተ ጸሎቱ በዛሬ ዘመን ቤተ መዘክር ሆኖ ከየአገሩ የሚመጣ ጐብኚ ያየዋል። ከጐብኚዎቹም ብዙዎቹ በመረቡ ፊት ቆመው፥ ድንጋይ እንዴት ገመድ ሊሆን እንደ ቻለ ይደነቃሉ። መደነቃቸው የሚገባ ነው። እኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚደንቀን፥ አባቱ ትቶት የሄደ አንድ ሕፃን ባደገ ጊዜ ለአባቱ ይህን ያህል እውነተኛና ይህን ያህል ርኅሩኅ የሆነ መታሰቢያ ሊያስብለት መቻሉ ነው። እንዲህ ያለውን መታሰቢያ ለማቆም እብነ በረድም የልዑል ሀብትም አያስፈልግም፤ አባትና ልጅ ገና በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ በሚችሉበት ዘመን በቃል ሊቆም ይችላል።